ሬዲዮ በጆሮ እንጂ በዓይን አይገዛም

ዲላ ከተማ ውስጥ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ሬዲዮ የጠየቀ ሰው የሚገጥመው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን ያወርዳል። ዕቃው ሁለት ስፒከር አለው፤ ፍላሽ ይሰካበታል፤ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ባለሱቁ ቅርብ ያለውን ኃይለኛ ጣቢያ ይከፍትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል፤ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። በሩ ላይ የቆመው ደላላም ሥራውን አይዘነጋም። «ጋሼ፣ ይኼ አገር ምድሩን ነው የሚስበው፤ አይጠራጠሩ» ይላል። ገዢው ብሩን ቆጥሮ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሎ ይወጣል። ወናጎ ወይም ኮቸሬ ሲደርስ ግን አገር ምድሩን ይስባል የተባለው ሬዲዮ የሚያሰማው እንደ ክረምት ዝናብ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከተሸወዱት አንዱ ነው። ለቡና መሰብሰቢያ ቦታ የሚሆን አንድ ትልቅ ሬዲዮ ገዝቼ፣ ከወናጎ ዝቅ ብሎ ባለ ሸለቆ ውስጥ አንድ የቡና ወቅት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ከርሟል። ዕቃውን ልመልስ ብሄድ የተሰጠኝ መልስ «ሬዲዮው ይሠራል፤ የእርስዎ አገር ነው የማይሠራው» የሚል ነበር። በጊዜው ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ነጋዴው ግማሽ እውነት ተናግሯል። ሬዲዮ ሲገዛ የሚገዛው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚቀመጥበት ቦታ ጭምር ነው። የቀረው ግማሽ እውነት ደግሞ እሱ ያንን እያወቀ፣ ለእኔ ሳይነግር መሸጡ ነው።

ጉዳዩ ተራ የሸማች ቅሬታ እንዳይመስል አስቀድሜ ልናገር። የጌዴኦ ኑሮ ቡና ነው። የቡና ዋጋ ደግሞ የሚወሰነው ይርጋጨፌ ላይ ሳይሆን ባሕር ማዶ ነው። በሰኔና በሐምሌ 1986 ዓ.ም. በብራዚል የቡና እርሻዎች ላይ ውርጭ ሲወርድ፣ በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጀመሪያ ከ1 ዶላር በታች የነበረው የአንድ ፓውንድ አረቢካ ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ከ2 ዶላር በላይ ዘለለ። እንግዲህ በዚያን ዘመን ሞባይል አልነበረም፤ ኢንተርኔትም አልነበረም። ወሬው ወደ ገጠር የሚደርሰው በሬዲዮና በመኪና በሚመጣ ሰው አፍ ነበር። ማታ ማታ አጭር ሞገድ ከፍቶ የባሕር ማዶውን የአማርኛ ዜና፣ ለምሳሌ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን የጀርመን ድምፅ አገልግሎት፣ የሚከታተል ነጋዴ ዜናውን ቀድሞ ይሰማል፤ ያልሰማው በትናንቱ ዋጋ ይሸጣል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጉልበት ወይም ካፒታል ሳይሆን አንድ ሬዲዮ ነበር።

ዘመኑ ተለወጠ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ማገበያየት ጀመረ፤ ዲላ ላይም መጋዘን ነበረው። ዋጋው በሰሌዳ ላይ ታየ፤ ወደ 929 ደውሎ መስማት ተቻለ፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም ተነገረ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ደግሞ አምራችና ላኪ በቀጥታ የሚተሳሰሩበትን በር ከፈተ። ዛሬ ብዙው ነጋዴ ዋጋ የሚለዋወጠው በስልክና በቴሌግራም ነው። «ታዲያ ስልክ ባለበት ዘመን ሬዲዮ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሱን ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን እንውሰድ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲቆይ ቴሌግራም ዝም አለ፤ ሬዲዮ ግን አላለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል ከጥይት ያልተናነሰ ጉዳት የሚያደርሰው ወሬ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል የሚለውን በእርግጠኝነት ሳያውቅ መኪና ጭኖ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአረቢካ ዋጋ በኒው ዮርክ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በአንድ ቀን የሚሰማ ዜና ብዙ ብር የሚያወጣ ሆኗል። ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ኪሎ እሸት ቡና ላይ የሁለት ብር ልዩነት ቢኖር በ3,000 ኪሎ 6,000 ብር ነው። ያ ገንዘብ ከብዙ ሬዲዮ ዋጋ ይበልጣል።

ሞገዱ እስከ የት ይሄዳል?

ብዙ ገዢ «ጥሩ ሬዲዮ ከሆነ የአዲስ አበባውን ኤፍ ኤም ዲላ ላይ ይስባል» ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ስንቱን አክስሯል። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር 102.1 ሲከፈቱ ከዋና ከተማው የተመለሰ ሁሉ ስለ ጥራታቸው ሲያወራ ይኸው ጉጉት ተቀሰቀሰ። ነገር ግን የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዓይን ነው፤ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። መሬት ደግሞ ክብ ናት። አጭር ሞገድ ከሰማይ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ መካከለኛ ሞገድ ምድርን ተከትሎ ይጓዛል፤ ኤፍ ኤም ግን አድማሱን ሲያልፍ ወደ ጠፈር ይሄዳል።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ሂሳብ አለ። የማሰራጫው አንቴና ከአካባቢው ያለውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ማባዛት ነው፤ የተቀባዩም እንዲሁ ተሰልቶ ይደመራል፤ ውጤቱ በኪሎ ሜትር ነው። 100 ሜትር ከፍታ ያለው ማሰራጫ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል። ጣሪያ ላይ በ4 ሜትር ከፍታ የተሰቀለ አንቴና 8 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በድምሩ 49 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ መንገዱ 360 ኪሎ ሜትር ግድም ሲሆን በአየር መስመር ቢለካ ወደ 290 ይጠጋል። ይህንን ለመሸፈን በሜዳ ላይ ወደ 5,000 ሜትር የሚጠጋ ምሰሶ ያስፈልጋል፤ ከራስ ዳሽን ከፍታ ይበልጣል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከፍ ብላ መቀመጧ ቢረዳትም በቂ አይደለም። አንዳንድ ቀን ንጋት ላይ አየሩ ተደራርቦ ሩቅ ጣቢያ ድንገት ብቅ ሊል ይችላል። ያ ግን የአየሩ ስጦታ ነውና የሬዲዮው ጉብዝና ተደርጎ መሸጥ የለበትም።

ሐዋሳ ሌላ ነገር ናት። ከዲላ በአየር መስመር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ማሰራጫው በተራራ ላይ ከቆመና ኃይሉ በቂ ከሆነ ነገሩ ይቻላል። መሐል ላይ ግን የሲዳማ ኮረብታዎች አሉ። የጌዴኦ መሬት ራሱ ከዲላ ወደ 1,570 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ቡሌ ላይ እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቡሌ ያለ ሰው በርካሽ ሬዲዮ የሚሰማውን፣ ወናጎ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው በውድ ሬዲዮ ላይሰማ ይችላል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ማለትም ያ ቡናው፣ እንሰቱና ትልልቁ ዛፍ ተደራርቦ የሚታየው ደን፣ ለቡናው ጥላ እንደሆነ ሁሉ ለኤፍ ኤም ሞገድም በመጠኑ ጥላ ነው። ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ ደግሞ ይብሳል።

ሁለት ጌታ

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ሬዲዮ ከሁለት ነገር አንዱን አብልጦ እንዲይዝ ተደርጎ ይሠራል፤ የድምፅ ጥራትን ወይም የሩቅ ጣቢያን። ሁለቱን እኩል አገልግላለሁ የሚል ዕቃ ዋጋው ውድ ነው፤ ርካሽ ሆኖ እንዲህ የሚል ካለ ይጠርጠር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሬዲዮው ሆድ ውስጥ የሚፈለገውን ጣቢያ አሳልፎ ጎረቤቱን የሚከለክል ማጣሪያ አለ። ማጣሪያው ሰፊ ሲሆን፣ ለምሳሌ 280 ኪሎ ኸርዝ፣ ሙዚቃው ሙሉ ሆኖ ይሰማል፤ ነገር ግን አጠገቡ ያለው ኃይለኛ ጣቢያ አብሮ ይገባል። ጠባብ ሲሆን፣ ለምሳሌ 110፣ ጎረቤቱ ይከለከላል፤ ደካማው ጣቢያ ይወጣል፤ ሙዚቃው ግን ትንሽ ይሻክራል። የድሮዎቹ ጥሩ የቤት ቲዩነሮች፣ እነ ያማሃ፣ ኬንዉድ፣ ፓዮኒር፣ በአንዳንድ ሞዴላቸው ላይ «ሰፊ» እና «ጠባብ» የሚል መቀየሪያ የነበራቸው ለዚህ ነው። ኤፍ ኤም ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቁጥር ላይ ከተገናኙ ብርቱው ደካማውን ጨርሶ ይውጠዋል።

ሌላው ስቴሪዮ ነው። ስቴሪዮን ያለ ሽሽታ ለመስማት፣ በቮልቴጅ ሲለካ፣ ከሞኖ አሥር እጥፍ ገደማ የበረታ ሞገድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሩቅ ጣቢያ ለሚፈልግ የገጠር ነጋዴ «ሞኖ» የሚል ቁልፍ ያለው ሬዲዮ ወርቅ ነው። ቁልፉ ሲነካ ሽሽታው ይጠፋና የዜና አንባቢው ድምፅ ይጠራል። ለሙዚቃ ቤት ስቴሪዮ፣ ለቡና መሰብሰቢያ ሞኖ! ስፒከር መቁጠር ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። አንድ ጥሩ ስፒከር በጥሩ ሳጥን ውስጥ ከአራት የፕላስቲክ ስፒከሮች ይሻላል።

ገበያ ላይ ያሉት

በገበያው የሚታዩትን በአምስት ከፍዬ አያቸዋለሁ።

አንደኛው ያገለገለ የጃፓን ሬዲዮ ነው። እነ ናሽናል፣ ሶኒና ሳንዮ በእጅ የሚዞር መርፌ ያላቸው። በደንብ ከተያዙ አሁንም ለዜና ጥሩ ናቸው፤ የባትሪ ድንጋይም ይቆጥባሉ። ችግራቸው ዕድሜ ነው፤ ድምፅ መቀነሻው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ውስጡ ቆሽሿል። ሁለተኛው በየሱቁ የሞላው ርካሽ ባለፍላሽ ሬዲዮ ነው። ለዘፈን ይበቃል፤ ለሩቅ ጣቢያ ግን ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው። ሦስተኛው በቺፕ የሚሠራው አዲሱ ትንሽ ሬዲዮ ነው። እነ ቴክሰን የሲሊከን ላብስን ቺፕ ይዘው ከወጡ ወዲህ በኪስ የሚገባ ሬዲዮ ጣቢያን ከጣቢያ በመለየት ትልልቁን ሲያሸንፍ ታይቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. ሶኒ ለአሜሪካ ገበያ ያወጣው ኤክስ ዲ አር ኤፍ 1 ኤች ዲ የተባለ ትንሽ ቲዩነርም በዓለም ላይ ያሉ የሩቅ ጣቢያ አዳኞችን ያስገረመው በዚሁ በቺፕ ጥበብ ነው። በእኔ አስተያየት ለጌዴኦ ነጋዴ የሚበጀው ይህ ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ግን ገዢው ይንቀዋል።

አራተኛው የመኪና ሬዲዮ ነው። የመኪና ሬዲዮ በጠባዩ ጎበዝ ነው፤ አንቴናው ውጭ ነው፣ ሳጥኑ ብረት ነው። ነገር ግን ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ከሆነ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ወይም 95 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ነው። የእኛ ከ88 እስከ 108 ነውና 97.1ም 102.1ም አይገኝበትም። «ባንድ ኤክስፓንደር» የሚባለው ትንሽ ዕቃ ቢገጠምለት ይሠራል፤ ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ሆኖ ይታያል። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አሮጌ ሬዲዮዎችም ተመሳሳይ ጣጣ አላቸው፤ የእነሱ ኤፍ ኤም ከ66 እስከ 74 አካባቢ ነበር። የአሜሪካን ዕቃ ደግሞ 110 ቮልት ነው፤ እኛ ቤት ያለው 220 ነው። መቀየሪያ ሳያደርጉ የሰኩት ጭሱን አይተዋል። የአሜሪካ ዲጂታል ሬዲዮ 97.1፣ 97.3 እያለ በጎዶሎ ቁጥር ብቻ ስለሚዘል 98.4 የሚል ጣቢያ ቢኖር በትክክል አይቆምበትም። በመካከለኛ ሞገድም በ10 ስለሚዘል፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ ለረጅም ዘመን ሲያሰራጭበት በኖረው 873 ኪሎ ኸርዝ ላይ አይቆምም። የኤፍ ኤም ድምፁም ለዚያ አገር ስለተስተካከለ እዚህ ትንሽ ደብዘዝ ይላል።

አምስተኛው የእጅ ስልክ ነው። ኤፍ ኤም ያለው ስልክ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ካርድ ይሠራል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ብዙውን ጊዜ አንቴናው የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ነው። የማዳመጫ ቀዳዳ የሌላቸው አዳዲስ ስልኮች በዝተዋልና ይህም አገልግሎት ከእነሱ ጋር እየሄደ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

የመሞከሪያው መንገድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንደኛ፣ ባለሱቁ የከፈተውን ጣቢያ ይዝጉና ደካማ የሚባለውን እርስዎ ራስዎ ይፈልጉ። ሁለተኛ፣ የቅርቡ ኃይለኛ ጣቢያ በስንት ቦታ ላይ እንደሚሰማ ይቁጠሩ፤ ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ብቅ ካለ ማጣሪያው ደካማ ነው። ሦስተኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው የሰው ንግግር ያዳምጡ፤ በጩኸት ውስጥ የሚደበቅ እንከን በዝግታ ይጋለጣል። አራተኛ፣ አንድ ዓይነት ጣቢያ በሁለት ሬዲዮ ጎን ለጎን ከፍተው ያወዳድሩ፤ በትዝታ የሚወዳደር ድምፅ አያስተማምንም። አምስተኛ፣ አቅራቢያ ያለውን የስልክ ቻርጀርና ኤል ኢ ዲ አምፖል ያጥፉ፤ ሽሽታው ከቀነሰ ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም።

ሬዲዮ ያለው ሰው ደግሞ አዲስ ከመግዛቱ በፊት አንቴና ይሞክር። የኤፍ ኤም ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል ነው፤ ሩቡ 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት 75 ሳንቲ ሜትር ሽቦ በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ዘርግቶ መሐሉን ከአንቴና ገመድ ጋር አገናኝቶ፣ ከጣሪያው በላይ በእንጨት ሰቅሎ ጎኑን ወደ ማሰራጫው ማዞር ነው። የሚጠይቀው ሽቦ፣ ገመድና የአንድ ከሰዓት ጉልበት ነው። እኔ የናቅኩትን ያንን ትልቅ ሬዲዮ በመጨረሻ ያናገረው ይኸው ሽቦ ነው። በዓመቱ ሳይሆን በሳምንቱ ባደርገው ኖሮ አንድ የቡና ወቅት አላጣም ነበር።

ለነጋዴው የምለው

ጥፋቱን ሁሉ በገዢው አላዋቂነት ማሳበብ አይገባም። በዚህ ገጽ ላይ ለነጋዴና ለደላላ የምናገረው ጥቅማቸውን አስልቼ ነው። ሬዲዮ የሚገዛ የገጠር ሰው መኪና ተሳፍሮ፣ የሥራ ቀን ከስሮ ነው የሚመጣው። ሲታለል አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ሱቁንም መንደሩንም ያወራበታል። በአንጻሩ «ይውሰዱና ቦታዎ ላይ ይሞክሩት፤ በሳምንት ውስጥ ካልያዘ እለውጥልዎታለሁ» የሚል አንድ ሱቅ ቢገኝ የኮቸሬውም የገደቡም ገዢ ወደ እሱ ይጎርፋል። በካርቶኑ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ቢጻፍ ይበቃል፤ ከስንት እስከ ስንት ሜጋ ኸርዝ ይይዛል፣ በስንት ቮልት ይሠራል፣ የሞኖ ቁልፍና የውጭ አንቴና መሰኪያ አለው ወይ?

አስመጪዎችም ቢሆኑ ከአዲስ አበባ የሚልኩልን ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ መሆኑ ብቻ አይበቃም። መርካቶ ላይ ማንኛውም ሬዲዮ ጎበዝ ነው፤ ማሰራጫው አናቱ ላይ ነዋ! ጣቢያዎቹ ደግሞ «በመላው ዞን እንሰማለን» ከማለት ይልቅ ሞገዳቸው የትኛው ቀበሌ እንደሚደርስና የትኛው እንደማይደርስ በካርታ ቢያሳዩ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴም ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል።

በበኩሌ ደላላው «አገር ምድሩን ይስባል» ሲለኝ ከእንግዲህ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ «እስቲ ወናጎ ድረስ አብረን እንሂድና እዚያ ይሳብልኝ!» አብሮኝ ለመሄድ የደፈረ ከተገኘ ያን ጊዜ ዋጋ እንነጋገራለን።